ሰው ያልጠበቀው ላይቭ፦ በመሀል አዲስ አበባ የተካሄደ የአንድ ቀን የሙዚቃ ፌስቲቫል የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በኅዳር መጀመሪያ በአንድ ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ ስታዲየም ብዙ በማይርቅ የታጠረ ግቢ ውስጥ የአንድ ቀን የሙዚቃ ፌስቲቫል ተካሄደ። ቲኬቱ የተሸጠው በፕሌይባክ (በተቀረፀ ሙዚቃ ላይ) በሚዘፍኑ ሁለት ታዋቂ ድምፃውያንና በሁለት ዲጄዎች ስም ነው። መሣሪያ እየተጫወቱ በቀጥታ የሚያቀርቡ አራት የላይቭ ቡድኖችም ተጋብዘው ነበር፤ ስማቸው ግን ፖስተሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ነው የሰፈረው። ከሰዓት በኋላ የሆነው ማንም ያልጠበቀው ነበር። መድረኩ ሥር ሰው ጥቅጥቅ ብሎ የቆመውና የቢራው ወረፋ የተበተነው አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና አንዲት አዝማሪ በወጡበት ሰዓት ነው።

ይህን በአጋጣሚ ማሳበብ አይቻልም። በዚያው ግቢ ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ዝግጅት ነበር። ማሲንቆ ተጫዋቹም ሆነ ስምንት አባላት ያሉት ባንድ ያን ጊዜም ተጫውተዋል፤ የድምፅ መሣሪያውም ከዚያው አከራይ የመጣ ተቀራራቢ ዕቃ ነበር። ሁለቱም ለባዶ ሜዳ ተጫውተው ወረዱ። ተጫዋቾቹ እነዚያው፣ ዕቃውም ያው ሆኖ ውጤቱ እንዲህ ከተለያየ፣ በመሀል የተለወጠውን አንድ በአንድ መዘርዘር ለሌላው አዘጋጅ ይጠቅማል። የአዘጋጆቹ፣ የተጫዋቾቹና የአከራዩ ስም አልተጠቀሰም።

ዳራ

አዲስ አበባ በላይቭ ሙዚቃ ያደገች ከተማ ናት። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ከዚያም የሆቴል ባንዶች ለሰው ጆሮ ያቀርቡ የነበረው ሕያው መሣሪያ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ በሆቴል አዳራሾች ውስጥ አጠረው። በኋላም ኪቦርድ የነፋሾችንና የገመድ ተጫዋቾችን ቦታ ወሰደ፤ አንድ ሰው ለብቻው ሠርግ ያጫውት ጀመር። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባ የተባለው የላይቭ ቤት አብሮ ጠፋ። ካዛንቺስ ሲፈርስም የሰፈሩ አዝማሪ ቤቶች ተበታተኑ።

ስለዚህ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ የመሀል ከተማ ወጣት ላይቭ ሲባል የሚታወሰው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነገር አይደለም። ረጅም ጥበቃ፣ «ቼክ፣ ቼክ፣ አንድ ሁለት» የሚል ድምፅ፣ የሚያፏጭ ማይክና የማይሰማ ግጥም ነው የሚታወሰው። ላይቭን የሚንቀው ስለማይወደው ሳይሆን እስካሁን የደረሰው የተበላሸው ስለሆነ ነው። ይህ ልዩነት የጉዳዩ ሁሉ መነሻ ነው፤ አለመውደድ ከሆነ አዘጋጁ ምንም ሊያደርግ አይችልም፣ ብልሽት ከሆነ ግን ይጠገናል።

ባለፈው ዓመት ምን ተበላሸ

አዘጋጆቹ ካለፈው ዝግጅት በኋላ ቁጭ ብለው የጻፉት ማስታወሻ አምስት ነገሮችን ይጠቅሳል።

አንደኛ፣ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ፍተሻ) የተጀመረው በር ከተከፈተ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ታዳሚዎች ገብተው ያዩት የሽቦ ጥቅልና የሚጨቃጨቁ ሰዎችን ነው። ሁለተኛ፣ በአንዱ ቡድንና በሌላው መካከል ያለው ክፍተት 35 እና 40 ደቂቃ ይደርስ ነበር። ያን ክፍተት ዲጄው ሞላው፣ ያውም መሣሪያው በቻለው መጠን። ሦስተኛ፣ ማሲንቆው ያፏጭ ስለነበር የድምፅ ባለሙያው ድምፁን እየቀነሰ እየቀነሰ ከጨዋታ ውጭ አደረገው። አራተኛ፣ ስፒከሮቹ መሬት ላይ ተደርድረው ስለነበር ፊት የቆመው ሰው አካል ከኋላ ላለው ድምፁን ጋረደበት። ቃል የሚለየው በቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ቀጭን ድምፅ ደግሞ ቀጥታ የሚጓዝ፣ ልብስና ሰውነት የሚውጠው ነው። ወፍራሙ ድምፅ ሰውን ዞሮ ያልፋል። ስለዚህ ከኋላ የነበረው ሰው ከበሮ እየሰማ ግጥም አይሰማም ነበር። አዝማሪን ያለ ግጥም መስማት ወጥ የሌለው እንጀራ እንደመብላት ነው። አምስተኛ፣ የምግብና የቢራ ድንኳኖቹ ከመድረኩ በስተጀርባ ነበሩ። ሊጠጣ የሄደ ሰው መድረኩን ስለማያይ ሲጀመር አይመለስም።

ማሲንቆ ተጫዋቹ ዘንድሮ ሲጋበዝ ወዲያው እሺ አላለም። የድምፅ ባለሙያው ሊያነጋግረው ሄዶ «ጋሼ፣ ምን እናስተካክል?» ብሎ ሲጠይቀው፣ መልሱ «ልጄ፣ ቃሉ ካልተሰማ እኔ ምን ልሠራ እወጣለሁ?» የሚል ነበር። የዝግጅቱ አቅጣጫ የተለወጠው በዚህ ጥያቄ ነው። አዘጋጆቹ ያሰቡት ተጨማሪ ስፒከር መከራየት ነበር፤ ያን ትተው ባላቸው ዕቃ ቃል የሚሰማበትን መንገድ መፈለግ ጀመሩ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቀንና ሰዓት። ዝግጅቱ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ተያዘ፤ የምግብ ሻጮች በጾም ስለማያዋጣቸው ነው። የክረምቱ ዝናብ አብቅቷል፣ ሜዳው ደርቋል። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ይህ በኋላ ዋጋ አስከፍሏል። በር የተከፈተው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ የመጀመሪያው ላይቭ የወጣው 10 ሰዓት፣ መዝጊያው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር።

ሳውንድ ቼክ። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ተደረገ። ማታ መጨረሻ የሚወጣው ቡድን ጠዋት መጀመሪያ ይፈተሻል፣ መጀመሪያ የሚወጣው ደግሞ መጨረሻ። በዚህ መንገድ በር ሲከፈት መድረኩ ላይ ተተክሎ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ቡድን ዕቃ ነው። የእያንዳንዱ ቡድን የድምፅ ልክ፣ ድምፆቹን በሚያቀላቅለው ዲጂታል ሚክሰር ላይ ተቀምጦ በስም ተመዘገበ። 6 ሰዓት ላይ ሥራው አልቆ ሁሉም ምሳ ሄደ። ታዳሚው አንድም «ቼክ» አልሰማም።

መቀያየሪያ። መድረኩ 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው። ድራሙ ከኋላ በኩል ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ ተተክሎ ቀኑን ሙሉ አልተነቃነቀም። የፊተኛው ክፍል በግራና በቀኝ ተከፈለ፤ በግራ የሚጫወተው ሳያልቅ በቀኝ የሚቀጥለው ማይክና ገመዱን ይዘረጋል። ሽቦዎቹ በባለ ቀለም ፕላስተር ተለዩ፦ ቢጫ ለማሲንቆ፣ ቀይ ለክራር ቡድኑ፣ ሰማያዊ ለባንዱ። 24ቱን መስመሮች በቁጥር የሚዘረዝር ወረቀት በሚክሰሩና በመድረኩ ዳር ተለጠፈ። ማይኮቹ የሚፈተሹት ስፒከሩ ተዘግቶ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ከ40 ደቂቃው ወደ 12 ወረዱ፤ አንዴም 9 ደቂቃ በቅቷቸዋል።

ስፒከርና አቀማመጥ። የዋናው ስፒከር አፍ ከመሬት 3 ሜትር ያህል ከፍ እንዲል በብረት መወጣጫ ላይ ተሰቅሎ በቀበቶ ታሰረ፤ ፊቱም ወደ ሕዝቡ መሀል በትንሹ አዘነበለ። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡት ሰቦች መሬት ላይ ቀሩ። የምግብና የቢራ ድንኳኖቹ ከሜዳው ጎን፣ መድረኩን በሰያፍ በሚያዩበት ቦታ ተተከሉ። ወረፋ የቆመ ሰው ፊቱ ወደ መድረኩ ሆነ። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ለውጥ ነው፤ ከሁሉም የላቀ ውጤት ካመጡት አንዱም ነው።

የድምፅ ልክ

ለዚህ ርዕስ ሰፋ ያለ ቦታ መስጠት ያስፈልጋል፤ ብዙ አዘጋጆች የማያዩት፣ ላይቭን ግን በየቀኑ የሚገድለው ይህ ነው።

የተቀረፀ ዘፈን ሲዘጋጅ ተጨምቆ ነው የሚወጣው። ዝቅ ያለው ከፍ ብሎ፣ ከፍ ያለው ተገርዞ፣ ሁሉም አንድ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ሕያው መሣሪያ ግን እንዲህ አይደለም። ከበሮ ሲመታ ድምፁ ይዘላል፣ ወዲያው ይወድቃል። በሚክሰሩ መብራት ላይ ሁለቱ እኩል ቢያሳዩ እንኳ ለጆሮ የሚደርሰው አማካይ ድምፅ ግን አይተካከልም፤ የተቀረፀው እስከ 10 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ሊበልጥ ይችላል። 10 ዴሲቤል ደግሞ ጆሮ እጥፍ ያህል አድርጎ የሚሰማው ልዩነት ነው። ዲጄ ለ30 ደቂቃ እስከ ጥግ ካጫወተ በኋላ አዝማሪ ቢወጣ፣ ሰው የሚሰማው ትንሽና ቀጭን ነገር ነው። ጆሮውም ደክሟል። ያን ጊዜ «ላይቭ ደካማ ነው» ይላል፤ በእርግጥም ደካማ ሆኖ ተሰምቶታል።

ስለዚህ ከሚክሰሩ አጠገብ፣ ከመድረኩ 24 ሜትር ላይ፣ የድምፅ መለኪያ ተቀመጠ። ስምምነቱ ይህ ነበር፦ ዲጄ በክፍተት ጊዜ በአማካይ 86 ዴሲቤል፣ ላይቭ 94፣ ዲጄ በራሱ ሰዓት 95፣ ፕሌይባክ ደግሞ ከ95 አይበልጥም። ላይቭ ሊወጣ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ሙዚቃው ጭራሽ ይቆማል። ዲጄዎቹ መጀመሪያ ተቃወሙ። ምክንያታቸውም ትክክል ነው፤ ባዶ ሜዳ ላይ በ86 ማጫወት ለዲጄ ከባድ ነው። የተስማሙት ለራሳቸው በፕሮግራሙ ላይ የተለየ ሰዓት ሲመደብላቸውና በዚያ ሰዓት ሙሉ ድምፅ እንደሚያገኙ ሲረጋገጥላቸው ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆነ።

ማሲንቆና ክራር

ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ገመድ፣ በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥንና ደጋን ነው። ሣጥኑ ራሱ እንደ ከበሮ ስለሚንቀጠቀጥ ከሞኒተር (ተጫዋቾች ራሳቸውን ከሚሰሙበት የመድረክ ስፒከር) የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ መልሶ ያሰማል፤ የሚያፏጨውም ለዚህ ነው። ባለፈው ዓመት የተጠቀሙት በማቆሚያ ላይ የተተከለ የድምፃዊ ማይክ ነበር። ተጫዋቹ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ይጠፋል፣ ባለሙያው ይጨምራል፣ ማይኩ ያፏጫል።

ዘንድሮ መጀመሪያ የተሞከረው ቆዳው ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን የሚቀበል ፒክአፕ ነው። አልሠራም። የፒክአፑ ክብደት የቆዳውን ቃና ለወጠው፤ የደጋኑ ፍትጊያም እንደ ቆርቆሮ ጮኸ። ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ሰምቶ አስነሣው። ሁለተኛው ሙከራ ተሳካ። ለነፋስ መሣሪያዎች የሚሠራ ትንሽ ክሊፕ ማይክ ከአንገቱ ሥር፣ አንገቱ ወደ ሣጥኑ በሚገባበት ቦታ ታሰረ። ከቆዳው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ገመዱን ከሚደግፈው ብርኩማ በትንሹ ዞር እንዲል ተደረገ። ለከሰዓቱ ንፋስ ስፖንጅ ለበሰ። ከ150 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ተቆረጠ። ከዚያ ድምፁ ቀስ እያለ እንዲጨምር ተደርጎ፣ ማፏጨት የሚጀምርበት ነጥብ በጠባብ ማጣሪያ ተወጋ፤ እንዲህ ያለ ነጥብ ሁለት ብቻ ተገኘ። በሞኒተሩ ውስጥ የአዝማሪዋ ድምፅ ብቻ ገባ። ተጫዋቹ ማሲንቆውን ከደረቱ ላይ ስለሚሰማው በሞኒተር አያስፈልገውም።

ቆዳው እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይወጠራል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት 20 ደቂቃ መድረኩ በሚኖረው ብርሃንና ጥላ ውስጥ እንዲቆይ ተደረገ፤ ከዚያ ተቃኘ። ከጥላ ተነሥቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ማሲንቆ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቅኝቱን ይስታል።

የክራር ቡድኑ ችግር ሌላ ነው። ክራር ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺ ሆዬ ወይም ወደ ባቲ ሲሄድ ገመዶቹ እንደገና ይቃኛሉ፤ መድረክ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ሁለት ደቂቃ ዝምታ በፌስቲቫል ላይ ረጅም ነው፤ ሰው ስልኩን ያወጣል፣ ከዚያ ይሄዳል። መፍትሔው ሁለት ነበር። ዘፈኖቹ በቅኝት ተቧድነው በ35 ደቂቃ ውስጥ ቅኝት የሚለወጠው አንዴ ብቻ ሆነ። ለዚያችም ሌላ የተቃኘ ክራር ጀርባ ላይ ተቀመጠ። ክራሮቹ ሲለዋወጡ ዋሽንት ተጫዋቹ ብቻውን እንዲጫወት ተስማሙ፤ እሱም ለየቅኝቱ የተለያየ ዋሽንት ይዞ ነበር። ክራሮቹ ባለ ፒክአፕ ስለሆኑ በዲአይ ሣጥን (የፒክአፕን ድምፅ ለሚክሰር በሚያመቻች ሣጥን) ገቡ። ክራርን በቀጥታ ሚክሰር ላይ የሚሰካ ባለሙያ ድምፁ ለምን እንደሳሳ ሳይገባው ይውላል፤ ይህ ዓይነቱ ፒክአፕ ከፍተኛ የመግቢያ ተቃውሞ ያለው ዲአይ ካላገኘ ወፍራሙን ድምፅ ያጣል።

የሠራው

10 ሰዓት ላይ ዲጄው ቆመ። ሦስት ደቂቃ ዝም ተባለ። ሜዳው ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ በቢራና በጥብስ ወረፋ ላይ ነበሩ። ማሲንቆው ብቻውን አንድ ዜማ ሳበ፣ ከዚያ አዝማሪዋ ገባች። ቃሉ እስከ ኋላ ድንኳን ድረስ ተሰማ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ተቀበል ተጀመረ። የመድረክ መሪው ገመድ አልባ ማይክ ይዞ ሕዝቡ መሀል ገባ። ማይኩ ከእጁ አልወጣም፤ ለታዳሚ የሚሰጥ ማይክ ወደ ስፒከር ዞሮ ያፏጫል፣ ስድብም ሊያስገባ ይችላል። ግጥም ሰጪው ወደ ማይኩ ሁለት ስንኝ ይጥላል፣ አዝማሪዋ ተቀብላ ታዜማለች። በዚያ ጊዜ ማሲንቆውና ከበሮው 3 ዴሲቤል ዝቅ ይላሉ። ከተሰጡት አንዱ ይህ ነበር፦

ታክሲ ስጠብቅ ውዬ ሰልፉ ላይ መሸብኝ፣
አንቺም ሞልተሽ ኖሯል ዝም ብለሽ ያለፍሽኝ።

ሳቁ ከኋላ ጭምር መጣ። ከኋላ መምጣቱ ነው ቁም ነገሩ፤ ቃሉ መድረሱን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ከዚህ በኋላ ሰው ከወረፋው እየወጣ መጠጋት ጀመረ። ተቀበል በአምስት ግጥም ተወሰነ። ስድስተኛ ሊሰጡ የተዘጋጁ ነበሩ፤ ሰዉ ገና እየፈለገ መቆሙ ተጫዋቾቹን ጠቅሟል።

የክራሩ ቡድን የተሰበሰበ ሰው ነው ያገኘው። በ40 ደቂቃ ክፍተት ይበተን የነበረውን ሰው 12ቱ ደቂቃ አቆየው። የቡድኑ ዳንሰኛ እስክስታ ስትወርድ ሕዝቡ ራሱ ክብ ሠርቶ ቦታ ለቀቀ። ባንዱ ከመሸ በኋላ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ወጣቶች ሳክስፎንና ትሮምቦን በቅርብ ሲያዩ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ሲወጡ ለአዘጋጆቹ ተናግረዋል። ከሚክሰሩ መደብ ላይ በየ15 ደቂቃው የተነሡት ፎቶዎች ሜዳው ከፊት በጣም የሞላው በማሲንቆው መጨረሻና በባንዱ አራተኛ ዘፈን አካባቢ መሆኑን ያሳያሉ። ቲኬት ያሸጡት ድምፃውያን በወጡበት ሰዓትም ሜዳው ሞልቶ ነበር፤ ሆኖም ጠርዙ ላይ ወሬ ነበረ፣ ስልክ ነበረ። በማሲንቆው ሰዓት ጠርዙም ያዳምጥ ነበር።

ያልሠራው

ስሕተቱ ብዙ ነበር፤ አንዳንዱ ከስኬቱ ይልቅ ያስተምራል።

በገና። አራተኛው ላይቭ ሆኖ የታሰበው በገና ደርዳሪ ነበር። አዘጋጆቹ ውበቱን ወደው እንጂ ቦታውን አላሰቡም። ደርዳሪው ከአንድ ሳምንት በፊት «ቢራ ይሸጣል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ አዎ ሲባል በጨዋ ደንብ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ትክክል ነው። በገና የጸሎትና የዐቢይ ጾም መሣሪያ ነው፤ ድምፁም ሰው ቁጭ ብሎ በጸጥታ የሚሰማው ነው። ከመጋበዝ በፊት አንድ ጊዜ መጠየቅ የባከነ ሳምንት ያድን ነበር። ቦታው በመጨረሻ ሰዓት በወጣት የጃዝ አራት ሰው ቡድን ተተካ።

የጃዝ ቡድኑ። ቡድኑ ጥሩ ነበር፤ የተቀመጠበት ቦታ ግን በሁለቱ ፕሌይባክ ድምፃውያን መካከል ነው። የመጀመሪያው ድምፃዊ ይዞት የመጣው የራሱ የድምፅ ሰው፣ በስምምነቱ ላይ ስላልነበረ፣ ልኩን አልፎ ወደ 101 ወጣ። ቀጥሎ አራት ልጆች አንድ ዜማ 12 ደቂቃ ሊያብራሩ ቀረቡ። ሰው ወደ ምግብ ሄደ፤ ቡድኑም ሁለት ዜማ አሳጥሮ ወረደ። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። በቀን ብርሃን፣ ከማሲንቆው ቀጥለው ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ውጤት ይኖር ነበር።

ምጣዱ። ባንዱ ሦስተኛ ዘፈኑ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። አንዲት ምግብ ሻጭ የእንጀራ ምጣዷን ቅርብ ባገኘችው ማከፋፈያ ላይ ሰክታ ነበር፤ ያ ማከፋፈያ የመድረኩ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ብሬከሩ ወደቀ። ጀነሬተሩ አልጠፋም ነበር፤ ኃይሉ በተመለሰ ጊዜ ግን ዲጂታል ሚክሰሩ እንደገና እስኪነሣና ልኩ እስኪጫን ድረስ አራት ደቂቃ አለፈ። ከፊት የቆመው ሰው ተበተነ፣ ተመልሶ እስኪጠጋም ሁለት ዘፈን ፈጀ። ሻጯን መውቀስ አይገባም፤ የመድረኩ ማከፋፈያ ላይ ምልክትም ቁልፍም አልነበረም። ሚክሰሩ ላይ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚያቆይ ባትሪ) ቢኖር ኪሳራው 20 ሰከንድ ይሆን ነበር። ጀነሬተር በሚመረጥበት ጊዜም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗ አይዘነጋ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ጉልበት አይሰጥም።

ብርዱ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱ በፍጥነት ወረደ። የነሐስ መሣሪያ ሲቀዘቅዝ ቅኝቱ ይወርዳል፤ ኪቦርዱ ግን ባለበት ይቆያል። ባንዱ የመጀመሪያውን ዘፈን ነፋሾቹ ዝቅ ብለው፣ ኪቦርዱ ከፍ ብሎ ነው የተጫወተው። ሁለተኛው ላይ መሣሪያው ሞቀና ተስተካከለ። ከመውጣታቸው በፊት አሥር ደቂቃ ከመድረኩ ጀርባ እየነፉ ቢያሞቁት ይህ አይደርስም ነበር።

ያልተጠና ቁልፍ (ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ)። ሁለተኛዋ ድምፃዊት ባንዱ ሰውን ሲይዝ አይታ በፕሌይባክ ፋንታ ሁለት ዘፈን ከባንዱ ጋር ልዝፈን አለች። ስሜቱ የሚደነቅ ነው። ባንዱ ግን የመጀመሪያውን ዘፈን ከእሷ ቅጂ በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጎ ጀመረ፤ አዝማቹ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ በመሀል ሊያወርደው ሲሞክርም ቤዙ አልተከተለም። ለሁለተኛው ቆም ብለው ቁልፉን ተነጋገሩ፤ በትዝታ ቅኝት የሆነ፣ ሁሉም የሚያውቀው የቆየ ዘፈን መረጡ። ያ ዘፈን የእሷ ምሽት ሆነ።

ሻጮቹ። በላይቭ ሰዓት ሽያጭ ይቆማል፣ በክፍተቱ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ይመጣል። ሻጮቹ ይህን ስላልተነገራቸው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሥጋ አብስለው ገዢ አጡ፣ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ደግሞ አልበቃቸውም። በማግሥቱ ለአዘጋጆቹ ቅሬታ አቅርበዋል፣ ቅሬታቸውም ተገቢ ነበር።

ለሌላ ዝግጅት የሚተላለፈው

በጀት ከሌለ መጀመሪያ የሚለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ትንሹና ቃል ያለው ቡድን በቀን፣ ጆሮ ሳይደክም፣ ሰው ገና ሳይጠጣ ይውጣ። ትልቁ ባንድ ከመሸ ይምጣ። ረጅም ዜማ የሚጫወት ቡድን ከፕሌይባክ በኋላ አይቀመጥ።

የድምፅ ልክ ስምምነት ከዲጄ ጋር ብቻ አይበቃም። እንግዳ ድምፃዊ የራሱን የድምፅ ሰው ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ልኩ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ በሚክሰሩ ዋና መውጫ ላይም ገደብ ይቀመጥ። ቃል ከማክበር ይልቅ ገደብ ማስቀመጥ ለሁሉም ይቀላል፣ ጭቅጭቅም ያስቀራል።

የባህል መሣሪያ የሚጫወት ሰው ሲጋበዝ የድምፅ ባለሙያው ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ያግኘው፤ ማይኩ በተጫዋቹ መሣሪያ ላይ ይሞከር። መሣሪያውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ «ይህ የእኔ ድምፅ አይደለም» ካለ ባለሙያው ሌላ መንገድ ይፈልግ። በዚህ ጉዳይ ሁለተኛው ሙከራ የጠየቀው 40 ደቂቃና ከዚያው አከራይ የተገኘ አንድ ክሊፕ ማይክ ብቻ ነው።

በመድረኩ ማከፋፈያ ላይ ቁልፍ ይደረግ፤ ለሻጮች የራሳቸው መስመር ይዘርጋ፤ ምጣድና ማሞቂያ ያለው ሻጭ በምዝገባ ጊዜ ዋቱን ያስመዝግብ። የላይቭ ሰዓቶች ዝርዝርም ከሳምንት በፊት ይሰጣቸው።

ከባንድ ጋር ሊዘፍን የሚችል እንግዳ ካለ፣ ይዘፍናል ተብሎ ባይታሰብም፣ የሁለት ዘፈኖቹ ስም፣ ቅኝትና ቁልፍ በአንዲት ወረቀት ላይ ተጽፎ ጠዋት በሳውንድ ቼክ ሰዓት ለኪቦርድና ለቤዝ ተጫዋቾች ይድረስ።